ሉፓን ሣልሳዊን ለማየት ሲነሡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሉፓን ሣልሳዊ የተባለው የጃፓን ተከታታይ የአኒሜሽን ፊልም በአምስት ገጸ ባሕርያት ላይ ተመሥርቶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘልቋል። አንደኛው በአንደበቱና በፈገግታው ሰውን የሚማርከው፣ ከመስረቁ በፊትም «በዚህ ቀን መጥቼ እወስደዋለሁ» የሚል ካርድ ለባለንብረቱ መላክ የሚወደው ሌባ ሉፓን ነው። ሁለተኛው ባርኔጣውን እስከ ዓይኑ ድረስ የደፋው ተኳሽ ዳይሱኬ ጂገን፣ ሦስተኛው ብረት የሚቆርጥ ጎራዴ የታጠቀው ሳሙራይ ጎኤሞን ኢሺካዋ፣ አራተኛዋ አንድ ጊዜ ወዳጅ ሌላ ጊዜ ተፎካካሪ የምትሆነው ፉጂኮ ሚኔ፣ አምስተኛው ደግሞ ሉፓንን ከመያዝ በቀር በሕይወቱ ሌላ ምኞት የሌለው የሚመስለው መርማሪ ኮይቺ ዜኒጋታ ናቸው። ይህን ሥራ ለብዙ ወዳጆቼ አስተዋውቄአለሁ፤ አብረውት የቆዩ አሉ፣ ሦስትና አራት ክፍል አይተው የተዉትም አሉ። የተዉት የነገሩኝን ምክንያት ሳሰላስለው ግን፣ ቅሬታቸው በአብዛኛው ይዘውት ከመጡት የተሳሳተ ግምት የመነጨ ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስህተቱ ከስሙ ይጀምራል። በ2021 በኔትፍሊክስ የቀረበውን፣ ኦማር ሲ የሚተውንበትን የፈረንሳይ ድራማ ያዩ ሰዎች የጃፓኑን ሥራ የዚያ ድራማ የካርቱን ቅጂ አድርገው ይወስዱታል፤ በዕድሜ ግን የጃፓኑ ሥራ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ይበልጠዋል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ የጋራ ምንጭ ብቻ ነው፤ እርሱም ፈረንሳዊው ደራሲ ሞሪስ ለብላን በ1905 በመጽሔት ላይ ለአንባቢ ያቀረበው አርሴን ሉፓን የተባለ ጨዋ ሌባ ነው። በብዕር ስሙ መንኪ ፓንች የሚባለው ጃፓናዊው ሠዓሊ ካዙሂኮ ካቶ የዚህን ሌባ የልጅ ልጅ ፈጥሮ ታሪኩን በማንጋ፣ ማለትም በጃፓን የሥዕል ታሪክ መልክ፣ በኦገስት 1967 «ዊክሊ ማንጋ አክሽን» በተባለው መጽሔት ላይ ማውጣት ጀመረ። ጃፓናውያን «ሩፓን ሳንሴይ» ይሉታል፤ «ሳንሴይ»ም ሦስተኛው ትውልድ ማለት ነው። ስለዚህ በአማርኛ «ዳግማዊ ምኒልክ» በምንልበት ሥርዓት «ሉፓን ሣልሳዊ» ማለት ይገባል እንጂ «ሉፓን ሦስት» ብሎ መጥራት ያሳስታል። ቁጥሩን የክፍል ቁጥር አድርገው በመውሰድ መጀመሪያ «ሉፓን አንድ»ን እና «ሉፓን ሁለት»ን ፍለጋ የተንከራተቱ ሰዎች አውቃለሁ፤ የሚፈልጓቸው ሁለት ሥራዎች ግን ከቶ አልተሠሩም። ከስሙ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። መንኪ ፓንች ስሙን የተጠቀመው ከለብላን ወራሾች ፈቃድ ሳይጠይቅ ስለነበር፣ ሥራው ከጃፓን ሲወጣ የመብት ጥያቄ ተነሣበት፤ በዚህም ምክንያት በፈረንሳይ «ኤድጋር»፣ በአሜሪካ በታተሙ አንዳንድ ቅጂዎች ላይ ደግሞ «ዎልፍ» ወይም «ሩፓን» ተብሎ ቀረበ። በእነዚህ ስሞች የቀረበ አሮጌ ቅጂ ቢያጋጥምዎ ሰውዬው ያው ራሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ተመልካች የሚያሸሸው ስህተት ሁሉንም በቅደም ተከተል ለመጨረስ መነሣት ነው። በ1971 የጀመረው የመጀመሪያው ተከታታይ 23 ክፍሎች አሉት። ከ1977 እስከ 1980 የታየው ሁለተኛው 155 ክፍሎች፣ በ1984 የጀመረው ሦስተኛው 50 ክፍሎች ሲኖሩት፣ ከዚያ በኋላ በ2012፣ በ2015፣ በ2018 እና በ2021 የጀመሩት ተከታታዮች፣ የሲኒማ ፊልሞቹና ለረጅም ዘመን በየዓመቱ ይወጡ የነበሩት የቴሌቪዥን ልዩ ዝግጅቶች ይጨመሩበታል። ይህን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ድራማ ከመጀመሪያው ልከታተል ያለ ሰው ከሁለተኛው ተከታታይ መካከል ላይ ይደክመዋል፤ ቢደክመውም አይፈረድበትም። ነገር ግን ሉፓን አንድ ወጥ ታሪክ አይደለም። ገጸ ባሕርያቱ አያረጁም፤ በ1971 በእጅ በሚዞር ስልክ ይነጋገሩ የነበሩት ሰዎች በ2018 ዕድሜያቸው ሳይጨምር ከኢንተርኔት ጋር ይታገላሉ፤ አንዱ ሥራ ስለ ሉፓንና ስለ ጎኤሞን የመጀመሪያ ትውውቅ የተናገረውን ሌላው ሥራ አንሥቶ በሌላ መልክ ይናገረዋል። የእኛ ድምፃውያን ትዝታን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ግጥምና በራሳቸው ስሜት እንደሚዘፍኑት ሁሉ፣ ሉፓንንም እያንዳንዱ ዳይሬክተር በራሱ ጊዜና በራሱ ጠባይ ይሠራዋል። ትዝታን ለመስማት ከመጀመሪያው ዘፋኝ መጀመር የግድ አለመሆኑን ማንም ያውቃል።

ታዲያ ከየት መጀመር ይሻላል ለሚለው ጥያቄ የእኔ ምክር ግልጽ ነው። አንድ ምሽት ብቻ ያለው ሰው በ1979 የወጣውን «የካግሊዮስትሮ ቤተ መንግሥት» የተባለውን ፊልም ይመልከት። ክፍል በክፍል የሚሄድ ታሪክ የሚመርጥ ሰው ደግሞ በ2015 የተሠራውን አራተኛውን ተከታታይ ይያዝ (የ2012ቱ በተራ ቁጥሩ ውስጥ አይገባም)፤ ታሪኩ በጣሊያንና በሳን ማሪኖ ይካሄዳል፣ የሚከፈተውም ሉፓን ርቤካ ሮሴሊኒ የምትባል ባለጸጋ ሴት በሚያገባበት ሠርግ ነው። ይህ ተከታታይ ከጃፓን በፊት በጣሊያን ቴሌቪዥን ላይ ታይቷል፤ ጣሊያናውያን ሉፓንን ከሁለተኛው ተከታታይ ዘመን ጀምሮ እንደ ራሳቸው ልጅ ስለሚያዩት ነገሩ ተገቢ ነበር። ከእነዚህ በኋላ ወደ 1971ዱ ሥራ መመለስ እጅግ ያስደስታል። 155 ክፍሎች ያሉት ሁለተኛው ተከታታይ ግን እየመረጡ የሚያዩት እንጂ የሚጨርሱት ሥራ አይደለም፤ በውስጡ ድንቅ ክፍሎች የመኖራቸውን ያህል በችኮላ የተሠሩም አሉ።

የ1971ዱ ተከታታይ ሲነሣ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ ሥራውን የአንድ ሰው እጅ የሠራው አድርገው ማየታቸው ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክፍሎች አይተው «ቀዝቃዛና ጨለምተኛ ነው» ብለው የሚተዉት አሉ፤ ከመካከሉ ጀምረው «ቀልደኛ የልጆች ሥራ ነው» ብለው የሚደመድሙም አሉ። ሁለቱም ያዩትን በትክክል አይተዋል፣ ያዩት ግን ግማሹን ብቻ ነው። ተከታታዩ ኦክቶበር 24 ቀን 1971 መታየት ሲጀምር ዳይሬክተሩ ማሳአኪ ኦሱሚ ነበር፤ እርሱም የማንጋውን መንፈስ በመከተል ለአዋቂ የሚሆን ሉፓንን ሠራ። የኦሱሚ ሉፓን ሁሉን ነገር ያገኘ ሀብታም ነው፤ የሚሰርቀውም መሰልቸቱን ለመርሳት ነው። የሥርጭቱ ሰዓት ግን እሑድ ምሽት፣ ቤተሰብ በአንድነት ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር። የተመልካቹ ቁጥር ዝቅ አለ፤ ኦሱሚም የሥራውን ጠባይ እንዲለውጥ ሲጠየቅ ሳይስማማ ቀርቶ ለቀቀ። በቦታው የተተኩት በወቅቱ ወጣት የነበሩት፣ በ1985 ስቱዲዮ ጂብሊ የተባለውን የአኒሜሽን ድርጅት ከመሠረቱት ሰዎች መካከል የሚቆጠሩት ሃያኦ ሚያዛኪና ኢሳኦ ታካሃታ ናቸው።

ለውጡን በመኪናው መለየት ይቻላል። የኦሱሚ ሉፓን የሚነዳው መርሴዲስ ቤንዝ ኤስ.ኤስ.ኬ. የተባለውን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራውን የመኳንንት መኪና ነው። ኋላ ላይ የምትመጣው ግን ፊያት 500 ናት፤ በአዲስ አበባ ታክሲነት ለብዙ ዓመታት ያገለገለችውን ሰይቼንቶ የሚያስታውስ ሰው ታናሽ እኅቷን ያውቃታል ማለት ነው። ይህች መኪና ወደ ታሪኩ የገባችው የሥዕል ኃላፊው ያሱኦ ኦትሱካ ራሱ ይነዳት ስለነበር ነው። ከመርሴዲስ ወርዶ ፊያት ውስጥ የተጨናነቀው ሉፓን ኪሱ ባዶ የሆነ፣ የሚራብ፣ የሚስቅና ለመኖር የሚሯሯጥ ሰው ነው። እኔ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ በአንድ ተከታታይ ውስጥ፣ በ23 ክፍሎች ብቻ፣ ሀብታሙ ሉፓንና ድሃው ሉፓን በአንድ ፊትና በአንድ ድምፅ መቀመጣቸው የዚህ ሥራ ትልቁ ሀብት ይመስለኛል። የመጀመሪያው ሥርጭት ያልተሳካለት ይህ ተከታታይ በድጋሚ ሲታይ ተወዳጅ ሆነ፤ በ1977 ሁለተኛው ተከታታይ እንዲሠራ በሩን የከፈተውም ያ ነው።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ስህተት «የካግሊዮስትሮ ቤተ መንግሥት»ን የሁሉም መለኪያ ማድረግ ነው። ፊልሙ የሚያዛኪ የመጀመሪያው የሲኒማ ፊልም ነው፤ በውበቱም እኔ እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም። ሆኖም በዚህ ፊልም ውስጥ ያለው ሉፓን ለክላሪስ፣ ያለ ፍላጎቷ ልትዳር ለተያዘችው ልዕልት፣ ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ፣ ልቧን እንጂ አካሏን የማይመኝ የበሰለ ሰው ነው። የመንኪ ፓንች ሉፓን እንዲህ አልነበረም፤ ጨካኝ፣ ሴሰኛና ለማንም ደንታ የሌለው ነበር። ፈጣሪው ራሱ ፊልሙን ቢያደንቅም፣ የእርሱ ሉፓን ሳይሆን የሚያዛኪ ሉፓን መሆኑን ተናግሯል። ስለዚህ ከካግሊዮስትሮ ተነሥቶ ወደ ማንጋው የሄደ አንባቢ «ሰውዬው ተበላሸ» ብሎ ማዘን የለበትም፤ የተበላሸ ሰው የለም፤ የሠሪው እጅ ብቻ ተለውጧል። በተቃራኒው ሚያዛኪ በጂብሊ ዘመኑ ከሠራቸው ሥራዎች ጋር የሚያገናኘውን ክር ማየት የሚፈልግ ሰው በስውር ስም የሠራውን የሁለተኛውን ተከታታይ መጨረሻ፣ ማለትም 155ኛውን ክፍል፣ ይመልከት፤ በዚያ የሚታየው ረጃጅም ክንድ ያለው ሮቦት በ1986 በሠራው ፊልም ላይ በድጋሚ መጥቷል።

ስለ ሉፓን ኮት ቀለም በአጭሩ ልናገር። በመጀመሪያው ተከታታይ አረንጓዴ፣ በሁለተኛው ቀይ፣ በሦስተኛው ሮዝ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ሰማያዊ፣ በስድስተኛው እንደገና አረንጓዴ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ የዘመን ምልክት ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን ካግሊዮስትሮ ቀዩ ተከታታይ በሚታይበት ጊዜ ወጥቶ ኮቱ አረንጓዴ ነው፤ በአምስተኛው ተከታታይም ራሳቸውን ችለው የቆሙት ክፍሎች የቀድሞዎቹን ኮቶች እየቀያየሩ ይለብሳሉ። ቀለሙ የሚነግረን ሠሪው የየትኛውን ሉፓን ጠባይ ማስታወስ እንደፈለገ ነው፤ የዘመኑን ቁጥር ከእርሱ መጠበቅ አይገባም።

ሉፓንን ከሀብታም ሰርቆ ለድሃ የሚያካፍል ደግ ሽፍታ አድርጎ ማሰብም የተለመደ ነው። ይህ ዝና በጃፓን አፈ ታሪክ የሚሰጠው ለጎኤሞን ቅድመ አያት ነው፤ እውነተኛው ኢሺካዋ ጎኤሞን በ1594 በኪዮቶ በፈላ ድስት ውስጥ ተጥሎ የተገደለ ወንበዴ ሲሆን፣ በጃፓን በእሳት የሚሞቅ የብረት መታጠቢያ ገንዳ እስከ ዛሬ በስሙ «ጎኤሞን ቡሮ» ይባላል። በፊልሙ ያለው ጎኤሞን የዚህ ሰው አሥራ ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ በመጀመሪያው ተከታታይ አምስተኛ ክፍል ላይ ሲመጣም ሉፓንን ለመግደል እንጂ ለመርዳት አልነበረም። ሉፓን ግን የሚሰርቀው ሊሰረቅ አይችልም የተባለውን ነገር መስረቅ ስለሚያስደስተው ነው። በካግሊዮስትሮ መክፈቻ ላይ እርሱና ጂገን የሞናኮን ካዚኖ ዘርፈው መኪናቸውን በብር ሞልተው ሲሄዱ፣ ብሩ ሐሰተኛ መሆኑን ሉፓን ይለያል፤ ያን ሁሉ ብር በመስኮት ወደ መንገድ ይበትነዋል። ይህን ትዕይንት እንደ ልግስና የሚያዩት ሰዎች ነገሩን ስተውታል። የሐሰት ብር መያዝ ለሙያው ውርደት ነው፤ የሚቆጨውም ያ ነው። ወዲያውም ብሩ ወደሚታተምበት አገር ለመሄድ ይወስናል።

አሁን ወደ ዜኒጋታ ልምጣ፤ ስለ እርሱ የሚሠራውን ስህተት ከሁሉ ይልቅ ማረም የምፈልገው ይህን ሰው ስለምወደው ነው። ብዙ ተመልካች የሚያየው ሁልጊዜ የሚሸወድ፣ የሚጮህ፣ ባዶ ካቴና ይዞ የሚቀር ፖሊስን ነው። በሁለተኛው ተከታታይ በተለይ ለሳቅ የተመደበበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ግምቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ነገር ግን ዜኒጋታ የጃፓን ፖሊስ ሆኖ ከኢንተርፖል ጋር የሚሠራ፣ በልብ ወለድ የታወቀው ሳንቲም ወርዋሪ መርማሪ የዜኒጋታ ሄይጂ ዘር ነው፤ የሉፓንን ቀጣይ እርምጃ ከሌላው ፖሊስ ሁሉ ቀድሞ የሚያውቅም እርሱ ብቻ ነው። በካግሊዮስትሮ ውስጥ የሐሰት ብር ማተሚያውን በዓይኑ ያያል፤ አለቆቹ ግን የመንግሥታትን ቅያሜ ፈርተው ጉዳዩን ይተዉታል። እርሱ ምን አደረገ? ሉፓንን የሚያሳድድ መስሎ፣ ጋዜጠኛ መስላ በቀጥታ ሥርጭት የምታስተላልፈውን ፉጂኮን አስከትሎ ወደ ማተሚያው ይገባና «ሉፓንን ስከተል ይህን አገኘሁ!» እያለ በማይዋጣለት ትወና ለዓለም ሁሉ ያሳያል። ያች የማታሳምን ትወና ያስቃል፤ ነገር ግን በዚያ ፊልም ውስጥ ሕጉን ከአለቆቹ ፍላጎት በላይ ያስቀመጠው ብቸኛው የሕግ ሰው ዜኒጋታ ነው። ሉፓን ከእስር ያመለጠ ጊዜ ሁሉ ፊቱ ላይ የሚታየውን ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ከቁጣው ሥር አንድ ዓይነት እፎይታ እንዳለ ይገነዘባል።

ፉጂኮም ተመሳሳይ በደል ደርሶባታል። አንዳንዱ ለጌጥ የገባች ቆንጆ ሴት ያደርጋታል፤ ሌላው ደግሞ በየክፍሉ ቡድኑን የምትከዳ ስለሆነች «ሉፓን እንዴት ይታገሣታል?» እያለ ይበሳጫል። ጥያቄው የሚነሣው የቡድኑ አባል ናት ብሎ ከማሰብ ነው። ፉጂኮ የማንም ቡድን አባል አይደለችም፤ ለራሷ የምትሠራ፣ አንዳንዴ መንገዷ ከእነርሱ ጋር የሚገጥም ሌባ ናት። ካግሊዮስትሮ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሉፓን ሲገባ እርሷ የልዕልቲቱ አገልጋይ ተመስላ ቀድማ ገብታ ትጠብቀዋለች፤ የመጣችውም ለማተሚያው እንጂ ለእርሱ አይደለም። ስሟን መንኪ ፓንች ያገኘው የፉጂ ተራራ ሥዕል ካለበት የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው፤ በማንጋው መጀመሪያም ፉጂኮ የሚለው ስም ለተለያዩ ሴቶች ይሰጥ ስለነበር፣ ማንነቷ ከጥንቱም የማይጨበጥ ነበር። በሳዮ ያማሞቶ ዳይሬክተርነት በ2012 የተሠራው 13 ክፍሎች ያሉት ተከታታይ ታሪኩን ሁሉ በእርሷ ዙሪያ ያዞረዋል፤ እርሷን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ሥራ አላየሁም።

ይህን ስጠቅስ ወላጆች የሚሠሩትን ስህተት ማንሣት ይገባኛል። በቋንቋችን «ካርቱን» የሚለው ቃል ልጅን ስለሚያስታውስ፣ ሥዕል የሆነ ሁሉ ለልጅ የሚሆን ይመስለናል። የ2012ቱ ተከታታይ እርቃንና ከባድ ጭካኔ ያለበት የአዋቂ ሥራ ነው፤ ታኬሺ ኮይኬ ከዚያ በኋላ ስለ ጂገን፣ ስለ ጎኤሞንና ስለ ፉጂኮ የሠራቸው ፊልሞችም ደም ይበዛባቸዋል። ማንጋው የወጣበት መጽሔትም ቢሆን ለወጣት ጎልማሶች የተዘጋጀ ነበር። ከልጆች ጋር ለማየት ካግሊዮስትሮ ይሻላል፤ እርሱንም ቢሆን አስቀድሞ አይቶ መወሰን ይበጃል።

በመጨረሻ የማነሣው ስህተት ከድምፅ ጋር የተያያዘ ነው። በጃፓንኛ ድምፅ የሚከታተሉ ሰዎች አንድ ተዋናይ ሲለወጥ «ሉፓን አበቃ» ብለው ያቆማሉ። ለሉፓን ዝነኛ ድምፅ የሆነው ያሱኦ ያማዳ በማርች 1995 ሲያርፍ፣ የተተካው ያማዳን በማስመሰል የታወቀው ካንኢቺ ኩሪታ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ ሰውን ማስመሰላቸው ይሰማል፤ እየቆየ ግን ድምፁ የራሱ ሆነ። በ2011 የፉጂኮ፣ የጎኤሞንና የዜኒጋታ ተዋንያን በአንድነት ተለወጡ። ከ1969ኙ የሙከራ ፊልም ጀምሮ ጂገንን የተጫወተው ኪዮሺ ኮባያሺ ብቻ ቀረ፤ እርሱም ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ በ2021 በስድስተኛው ተከታታይ «ዜሮ» በተባለው መክፈቻ ክፍል ተሰናበተ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በጁላይ አረፈ። ስድስተኛውን ተከታታይ የሚያይ ሰው ይህን የዜሮ ክፍል ዘልሎ ወደ አንደኛው እንዳይሄድ አደራ እላለሁ። በዜሮው የሚሰማው ጂገን የሰማንያ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ቃላቱ ቀስ ብለው ይወጣሉ፣ ትንፋሹም ይሰማል። በአንደኛው ክፍል ባርኔጣውን የሚረከበው አኪዮ ኦትሱካ ደግሞ፣ በ1971 ለጎኤሞን ድምፅ ሰጥቶ ከኮባያሺ ጎን የሠራው የቺካኦ ኦትሱካ ልጅ ነው።